ሁለት ድልድይ ያስፈታ ሽቦ

አንድ ቁራጭ ሽቦ ያዙና ወዲያና ወዲህ እጠፉት። መጀመሪያ በቀላሉ ይታዘዛል። አምስተኛው ስድስተኛው ላይ እምቢ ማለት ይጀምራል። የታጠፈበት ቦታ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በልጅነቱ የሽቦ መኪና የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ትንሽ ጎበዝ የነበረው ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል፦ እምቢ ያለውን ሽቦ ከሰል ውስጥ ከትቶ ቢያቀላውና ቢያወጣው ተመልሶ እንደ ክር ይለሰልሳል።

ዛሬ የማወጋችሁ ታሪክ ከዚህ የልጆች እውቀት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ሽቦው የነበረበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 መጀመሪያ ወራት አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ተንጠልጣይ ድልድዮች እየተሠሩ ነበር። ኬብሎቻቸው ወጥተዋል፣ ገንዘቡ ፈስሷል፣ የሚመረቁበት ቀን እየቀረበ ነው። ከዚያ ሽቦዎቹ መሰበር ጀመሩ። በምርመራ ፈተናውን ሁሉ ያለፉ ሽቦዎች ናቸው፤ እንዲያውም ከቀድሞው የተሻሉ ተብለው የተመረጡ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ሽቦ የሚሠራው በመሳብ ነው። የወፍራም ዘንግ ጫፍ ይሾልና ከእርሱ በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ በወዲያኛው ወገን ይጎተታል። ቀዳዳው ያለበትን ጠንካራ ቁራጭ የሙያው ሰዎች ዳይ ይሉታል። ከአንዱ ዳይ ወደ ጠበበው ሌላ ዳይ እየተሻገረ ዘንጉ ይቀጥናል፣ ይረዝማል። የወርቅ ሠሪን ሥራ ቆሞ ያየ ሰው ይኸው አሠራር በትንሹ ሲሠራበት አይቷል። ሽቦው ሲሳብ እሳት አይነካውም። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር ግን እንደዚያ እንደታጠፈው ቁራጭ ይጠነክራል፣ ይደርቃልም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ዳዩ ውስጥ እያለ ይበጠሳል። ወርቅ ሠሪው ይህ እንዳይደርስበት መሃል መሃል ላይ እሳት ያሳየዋል። ይለሰልስና እንደገና ይሳባል።

ችግሩ እሳቱ ልስላሴውን በነፃ አለመስጠቱ ነው። ጥንካሬውን ይዞ ይሄዳል። ግንባታ ቦታ ላይ ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ አስቡት። ተስቦ ካለቀ በኋላ እቶን ገብቶ ስለወጣ በፒንሳ ሁለቴ ስትጠመዝዙት ይታዘዛል፤ ጥቁረቱም የእቶኑ ምልክት ነው። የብስክሌት ራጅን ደግሞ እንደዚያ ልጠምዝዝህ ብትሉት አይሆንም። እርሱ ተስቦ እንደጠነከረ የቀረ ነው። ሁለቱም ሽቦ ናቸው። የሚለያያቸው ከምን እንደተሠሩ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳለፈባቸው ነው። እኛ ብረት ስንገዛ የምንጠይቀው ባለ ስንት እንደሆነና የየት አገር እንደሆነ ነው፤ ምን አልፎበታል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የሚገርመው፣ ሽቦ ሠሪዎች ይህን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠቀሙበት ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ያውም ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች ሳይመካከሩ በአንድ ዓመት ደረሱበት። የብረት አተሞች በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ረድፉ ግን ፍጹም አይደለም፤ መሃሉ ላይ የተዛነፈ ቦታ አለው። ሰፊ ምንጣፍ ወለል ላይ ለማንቀሳቀስ ሙሉውን መጎተት ያቅታል፤ አንድ ጫፍ ላይ እጥፋት አበጅታችሁ እጥፋቱን ብትገፉት ግን ምንጣፉ በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። ብረትም የሚታጠፈው እንዲህ ያለው ዝንፈት ውስጡ ሲጓዝ ነው። ሽቦው በተሳበ ቁጥር ዝንፈቶቹ ይበዛሉ፣ እርስ በርስ ይተባተባሉ፣ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። መንገዱ ሲዘጋ ብረቱ ጠነከረ እንላለን። እሳት ሲገባ አተሞቹ ቦታቸውን ለማስተካከል አቅም ያገኛሉ፤ ከተተባተበው ውስጥ አዲስ፣ ንጹሕ ረድፍ ይበቅላል።

የዓመቱን ነገር አስታውሱልኝ። 1934። ድልድዮቹ ላይ ሽቦ የተሰበረው ከዚህ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽቦ ሠሪ የነበረ ሰው ሕልሙ አንድ ነበር፦ እንደ ብረት ዘንግ የሚበረታ፣ ሲጠመዘዝ ግን የማይበጠስ ሽቦ። የፒያኖ ሠሪዎች ይፈልጉታል፣ የማዕድን ቁፋሮ ባለቤቶች ይፈልጉታል። መንገዱን ያሳየው ጄምስ ሆርስፎል የተባለ የበርሚንግሃም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት እሳትና ስበትን አዲስ በሆነ ቅደም ተከተል አገናኛቸው። ከእርሱ ወዲህ ተሻሽሎ የቆየው አሠራር ይህን ይመስላል፦ ካርቦን የበዛበት ዘንግ ከ900 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ሳይሆን 500 ዲግሪ ገደማ የሆነ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዳዩ የሚሄደው። እሳቱ መጀመሪያ፣ ስበቱ ኋላ። ሙያተኞቹ አሠራሩን እስከ ዛሬ “ፓተንቲንግ” ነው የሚሉት። አንድ ሰው ያስመዘገበው የመብት ወረቀት የሥራው ስም ሆኖ ቀረ።

የሆርስፎል ሽቦ ዝናው የወጣው በባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 አትላንቲክን አቋርጦ የተዘረጋው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ኬብል በሳምንታት ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ የዘረጋችው ግን ሠራ፤ ልብሱ ከሆርስፎልና ከሸሪኮቹ ፋብሪካ የወጣ ሽቦ ነበር። 250 ሠራተኞች 11 ወር ሠርተው ወደ 48 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሽቦ አወጡ። ለኬብሉ መሳካት ምክንያቱ ሽቦው ብቻ ነው አልልም፤ የኤሌክትሪኩም ነገር ተሻሽሏል።

ለመዳብም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በአጭሩ ልለፈው። መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ነገር ግን ከምሰሶ ምሰሶ ሲዘረጋ በገዛ ክብደቱ ይረግባል። ስለዚህ የቴሌግራፍ መስመሮች ለዓመታት በብረት ሽቦ ነበር የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1877 ኮኔቲከት ውስጥ ቶማስ ዱሊትል የተባለ ሰው ያደረገው ነገር ቢነገር ቀልድ ይመስላል፦ መዳቡን ስቦ ሲያበቃ እሳት ሳያሳየው ተወው። በቃ። ያልለሰለሰው መዳብ የራሱን ክብደት ቻለ፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ኒው ዮርክንና ቦስተንን በስልክ ያገናኘው መስመር በእንዲህ ያለ ሽቦ ተዘረጋ።

ወደ ድልድዮቹ እንመለስ። ከ1929 በፊት ግን አንድ ታላቅ ወንድም አላቸው፤ እርሱን ሳልነካ ብሄድ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ብሩክሊን ድልድይ። እ.ኤ.አ. በ1878 ክረምት ላይ፣ ኬብሎቹ እየተፈተሉ ሳለ፣ ሽቦ አቅራቢው ሎይድ ሄግ ሲያጭበረብር እንደቆየ ተደረሰበት። ተፈትሾ የፀደቀውን ሽቦ መንገድ ላይ እየቀየረ የወደቀውን ወደ ድልድዩ ይልክ ነበር። መጥፎው ሽቦ አንድ ጊዜ ከተፈተለ ወዲያ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ታሞ ቤት የዋለው ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ሒሳቡን አሰላ። ኬብሎቹን ሲነድፍ የሚያስፈልጋቸውን ስድስት እጥፍ እንዲችሉ አድርጎ ነበር፤ መጥፎው ሽቦ ተጨምሮበትም አምስት እጥፍ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ኬብል ላይ 150 ያህል ተጨማሪ ሽቦ በአቅራቢው ኪሳራ አስጨምሮ ሥራው ቀጠለ። የሌባው ሽቦ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ሰዉ በላዩ ይሄዳል።

ይህን ያነሣሁት በ1929 የተደረገው ተቃራኒው ስለሆነ ነው።

በ1920ዎቹ አሜሪካ በብረት ሰከረች ማለት ይቻላል። መኪናው በዛ፣ ድልድይ በየቦታው ተፈለገ፣ ርካሽና ቀላል ንድፍ ያመጣ ኩባንያ ጨረታ ያሸንፋል። በዚያን ጊዜ አንድ አዲስ ሽቦ ለድልድይ ቀረበ። አሮጌው ሽቦ ጥንካሬውን የሚያገኘው በስበት ነው። አዲሱ ግን የመጨረሻውን ጥንካሬ ከእሳት ያገኛል፦ በመጀመሪያ ተስቦ ወደሚፈለገው ውፍረት ይደርሳል፤ ከዚያ ይግልና በድንገት ይነከራል፤ ደርቆ ሲወጣ ድርቀቱን ለማብረድ በመጠኑ እንደገና ይሞቃል። የጎራዴና የምንጭ ብረት አሠራር ነው። ልብ በሉ፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ከእሳቱ በፊት የነበረው ስበት ሁሉ እሳቱ ውስጥ ጠፍቷል።

በወረቀት ላይ አዲሱ ሽቦ ያምራል። ሁለቱም ሽቦዎች ለመበጠስ የሚፈልጉት ኃይል ያን ያህል አይራራቅም፤ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ከ150 ኪሎ ገደማ። ከእስክሪብቶ የቀጠነ አንድ ሽቦ ሦስት ቶን ያህል ያንጠለጥላል ማለት ነው። አዲሱ የሚበልጠው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። አሮጌው ሽቦ ሲጎተት ከመበጠሱ ብዙ ቀደም ብሎ ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል። አዲሱ እስከ መጨረሻው ድረስ ንቅንቅ አይልም። መሐንዲስ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ያው ሽቦ የበለጠ ጭነት ሊሰጠው ይችላል፣ ኬብሉ ይቀጥናል፣ ወጪው ይቀንሳል።

ሽቦው ሁለት ድልድዮች ላይ ገባ። አንዱ ሮድ አይላንድ ውስጥ የማውንት ሆፕ ድልድይ ነው፤ የመሃሉ ርዝመት 366 ሜትር፣ ንድፉም የሮቢንሰንና የዴቪድ ስታይንማን። ሁለተኛው ዲትሮይትን ከካናዳዋ ዊንዘር የሚያገናኘው አምባሳደር ድልድይ ነው። መሃሉ 564 ሜትር ሲሆን ሲያልቅ በዓለም ረጅሙ ተንጠልጣይ ድልድይ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሁለቱንም የሚገነባው ማክሊንቲክ ማርሻል የተባለ ተቋራጭ ነው።

ማውንት ሆፕ ላይ ኬብሎቹ ተፈትለው የወለሉ ብረት መሰቀል ከተጀመረ በኋላ የተሰበሩ ሽቦዎች ተገኙ። የተሰበሩትም የትም ሳይሆን ኬብሉ ከመሬት ጋር በሚታሰርበት፣ ሽቦው በብረት ጫማ ላይ ዞሮ በሚታጠፍበት አካባቢ ነው። ጭነቱ ገና ሙሉ አይደለም። መኪና የሚባል ነገር አላለፈበትም። ቆሞ ሳለ ነው የሚሰበረው።

እዚህ ላይ ራሳችሁን በዚያ ቦታ አስቀምጡ። በሺህ ከሚቆጠሩ ሽቦዎች የተሰበሩት ጥቂት ናቸው። ኬብል የተፈጠረውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢበጠስ ጎረቤቱ ይሸከማል። ሮብሊንግ ከሌባ ሽቦ ጋር ድልድይ ከፍቷል። የተሰበረውን ቀጥሎ፣ ጥቂት ጨምሮ፣ ዝም ብሎ መቀጠል የሚቻል ይመስላል። ለዚህ የሚከራከር ሰው ብዙ ማስረጃ ያገኛል፤ የፈተና ወረቀቱ ሁሉ ከእርሱ ጋር ነው።

የተወሰነው ግን ይፍረስ ተብሎ ነው። ማውንት ሆፕም፣ ተመሳሳይ ሽቦ የተሸከመው አምባሳደርም። የተሰቀለው ብረት ወረደ፣ ኬብሎቹ ተፈቱ፣ በምትካቸው አሮጌው፣ ሳይሞቅ የተሳበው ሽቦ እንደገና ተፈተለ። በዓለም ረጅም ለመሆን ሲሽቀዳደም የነበረ ድልድይ ወደ ኋላ ተመልሶ ባዶ ምሰሶ ሆነ።

ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚህ ነው። ሮብሊንግ ለምን ተወው፣ እነዚህ ለምን አፈረሱ? የሮብሊንግ ሽቦ ደካማ ነበር፤ ነገር ግን ድካሙ ይለካል። ምን ያህል እንደሚጎድለው ታውቆ ያንኑ ያህል ተጨመረለት። የ1929ኙ ሽቦ ብርቱ ነበር፤ ሆኖም ለምን እንደሚሰበር የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። ሲጎተት ያልፋል፣ ሲለካ ያልፋል፣ ታጥፎና ተወጥሮ ለወራት ሲቆም ግን ይሰበራል። እንዲህ ላለ ነገር ስንት ሽቦ ይጨመርለታል? ሒሳቡ መነሻ የለውም። የተሰበረው ቁጥር ማነሱም አያጽናናም፤ ነገ ስንት እንደሚሆን የሚነግርህ የለምና።

በነገራችን ላይ ሥራው እንደተፈራው አልዘገየም። ማውንት ሆፕ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1929 ተመረቀ፤ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ መንኮታኮት የጀመረበት ያ “ጥቁር ሐሙስ” የሚሉት ቀን መሆኑ ነው። አምባሳደር በቀጣዩ ኅዳር ወር ተከፈተ፤ በዓለም ረጅምነቱንም ለሁለት ዓመት ያህል ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1931 ባለ 1067 ሜትሩ ጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ቀደመው፤ አራቱ ኬብሎቹ እያንዳንዳቸው 26,474 ሽቦ አላቸው፣ ሁሉም ሳይሞቅ የተሳበ።

የማውንት ሆፕ ሽቦ ለምን እንደተሰበረ የሚመረምረው ጥናት ከዓመታት በኋላም አላበቃም ነበር። ዛሬ ነገሩን በተሻለ እንረዳዋለን። የሆርስፎል ዓይነት አሠራር ያለፈ ብረት ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው፦ አንድ ገጽ ለስላሳ ብረት፣ አንድ ገጽ ካርቦን ያለበት ጠንካራ ውሕድ። ሲሳብ ገጾቹ ይቀጥናሉ፣ በሽቦው ቁመት ይተኛሉ። ፍልጥ የፈለጠ ሰው እንደሚያውቀው እንጨት በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ በወርዱ ግን መጥረቢያው ይነጥራል። በዚህ ሽቦ ላይ የተጀመረ ጭረትም ወደ ውስጥ ሊሮጥ ሲሞክር ገጾቹ ወደ ጎን ያዞሩታል። ተነክሮ የጠነከረው ሽቦ ውስጥ ይህ ድርድር የለም። ጭረቱ መንገዱ ክፍት ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ብረት በተወጠረበት እርጥበት ወይም ከአሲድ እጥበት የቀረ ሃይድሮጅን ሲያገኘው ቀስ በቀስ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። አንድ ጊዜ ጎትቶ በጥሶ ቁጥር የሚጽፍ መሣሪያ ይህን አያይም፤ ጊዜ አይሰጠውማ።

ያላፈረሰ ምን ይገጥመው ነበር? ይህን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የቅርብ ዘመድ የሆነ ታሪክ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1928፣ ሁለቱ ድልድዮች ሽቦ በሚፈትሉበት ዘመን፣ በዌስት ቨርጂኒያና በኦሃዮ መካከል ሲልቨር ብሪጅ የተባለ ድልድይ ተከፈተ። በሽቦ ኬብል ፈንታ የተንጠለጠለው በሙቀት በጠነከሩ ረጃጅም የብረት ሰሌዳዎች ሰንሰለት ነው፤ ጫፋቸው ቀዳዳ ያለው፣ በፒን የሚያያዝ። ይህም ርካሽና ዘመናዊ ተብሎ የተመረጠ ነበር። በአንድ መጋጠሚያ ሁለት ሁለት ሰሌዳ ብቻ። ሰንሰለቱ 39 ዓመት ቆመ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት አንድ ሰሌዳ ቀዳዳው አጠገብ ተሰበረ፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትጠልቅ፣ ድልድዩ ካልተፈታ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ነበረችበት። ድልድዩ ሙሉ በሙሉ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። 46 ሰዎች ሞቱ። አሜሪካ ድልድዮቿን በየጊዜው እንድትፈትሽ በሕግ የተደነገገው ከዚያ በኋላ፣ በዓመቱ ነው።

ይህን ስጽፍ እሳትን የምኮንን እንዳይመስልባችሁ። እሳት የሌለበት ጥሩ ሽቦ የለም፤ ጥያቄው መቼ እና ምን ያህል የሚለው ነው። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወርዱ አባይ በረሃ ላይ የምታገኙትን እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን የህዳሴ ድልድይ አስቡ፤ ወይም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የባሕር ዳር ድልድይ። ሁለቱም ከምሰሶ ወደ ወለሉ የሚወርዱ ገመዶች አሏቸው። በእንዲህ ዓይነት ድልድዮች ገመድ ውስጥ የሚገባው ሽቦ መጀመሪያ እቶን ያልፋል። ከዚያ ሳይሞቅ ይሳባል። ከዚያ ሰባት ሰባት ሆኖ ይገመዳል። በመጨረሻ በኃይል እንደተወጠረ ከ400 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀት ለአጭር ጊዜ ያገኘዋል። ያ ሙቀት ስበቱ ያመጣውን ጥንካሬ አያጠፋም። ሽቦው ለዓመታት ሲወጠር እንዳይላላ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ወለሉን የያዙት ገመዶች ዛሬ የተወጠሩበትን ኃይል ከ20 ዓመት በኋላም ጥቂት ብቻ ቀንሶ ይይዙታል።